አስቀሎና፦ መንገደኞች የቀደሷት ከተማ

ጥንታዊ የቤተ መቅደስ ከተማ ለማየት የሚያቅድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሕንፃዎች ዝርዝር ነው። በምያንማር፣ በኢራዋዲ ወንዝ ዳር ወዳለችው የቡድሃ ሃይማኖት ከተማ ወደ ባጋን የሚሄድ ከ2,000 በላይ ከሚሆኑት ቤተ መቅደሶችና ስቱፓዎች የትኛውን በጠዋት፣ የትኛውን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደሚያይ አስቀድሞ ይመድባል። ወደ ላሊበላ የሚሄድም ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በየወገናቸው ከፍሎ ይሳለማል። ሕንፃዎቹ ቆመው ስላሉ ዘዴው ይሠራል። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ላለችው ለአስቀሎና ግን አይሠራም። በ5ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የጻፈው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ የሰማያዊቱ አፍሮዲጤ ቤተ መቅደስ በአስቀሎና እንደነበረ፣ ለዚህች እንስት አምላክ ከተሠሩት ሁሉ እርሱ ጥንታዊው እንደሆነ መዝግቧል። ይሁን እንጂ ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ቤተ መቅደስ አያገኘውም። ከ1985 እስከ 2016 በሎውረንስ ስቴገር፣ ኋላም በዳንኤል ማስተር መሪነት የተካሄደው ሰፊ ቁፋሮም ቦታውን ለይቶ አላሳየም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ ቤተ መቅደሷ የማይታይ የቤተ መቅደስ ከተማ እንዴት ትጎበኛለች? የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፦ በአስቀሎና የቅድስና ታሪክ ውስጥ ከነዋሪዎቿ ይልቅ የመንገደኞቿ ድርሻ ጎልቶ ይታያል፤ ስለዚህ ጉብኝቷ መታቀድ ያለበት ሰዎች በገቡባቸው በሮችና ውኃ በጠጡባቸው ጉድጓዶች ነው።

ማስረጃው ከመሬቱ ይጀምራል። ጥንታዊቷ ከተማ ወደ 60 ሄክታር የሚሆን ስፍራ ይዛ፣ ከምዕራብ ባሕሩን ተደግፋ፣ በሦስቱ አቅጣጫ በግማሽ ክብ የአፈር ድልድል ታጥራለች። ከግብፅ ተነሥቶ በባሕሩ ዳር ወደ ሶርያ የሚወጣው የነጋዴና የጦር መንገድ በአቅራቢያዋ ያልፋል፤ በአሸዋው ሥርም ጣፋጭ ውኃ በቅርብ ይገኛል። በረሃ አቋርጦ ለመጣ ሲራራ ነጋዴና ከመርከብ ለወረደ ሰው ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። ከ1850 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጀምሮ የቆመው፣ በጭቃ ጡብ የተሠራው የከነዓናውያን በር በዓለም ላይ ከሚታወቁት የቅስት በሮች ሁሉ በጥንታዊነቱ ከፊተኞቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። ይህ በር ያለው በሰሜን በኩል፣ ከባሕሩ ወደ ከተማዋ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። በ1990 ቆፋሪዎች ከድልድሉ ተዳፋት፣ እዚያው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጥጃ ምስል አወጡ። ሰውነቱ ነሐስ ሲሆን በብር ተለብጧል፤ የሸክላ ማደሪያም አለው፤ ዕድሜውም ወደ 3,600 ዓመት ይገመታል። በኦሪት የወርቁን ጥጃ ታሪክ ሲያነብ ላደገ ሰው ግኝቱ ብቻውን ልብ ይነካል። ለእኔ ግን ከጥጃው ይልቅ የሚናገረው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ያቺ የጸሎት ቤት በከተማዋ እምብርት፣ በቤተ መንግሥት አጠገብ የተሠራች አልነበረችም፤ ከበሩ ውጭ፣ ከወደብ የሚወጣ ሰው ሳያልፍባት በማይገባበት ዳገት ላይ ነበረች። ቆፋሪዎቹም ነጋዴዎች ሲገቡና ሲወጡ መባ የሚያኖሩባት ቦታ እንደነበረች ገምተዋል።

እዚህ ላይ ሄሮዶቱስን የሚጠቅስ አንባቢ መልስ አለው። ከሁሉ የቀደመ ቤተ መቅደስ የነበራት ከተማ ራሷ መድረሻ እንጂ መተላለፊያ አልነበረችም ሊል ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ሌሎች ምስክሮችም ይደግፉታል። የሲሲሊው ዲዮዶሮስ በከተማዋ አቅራቢያ ዓሣ የሞላበት ሐይቅ እንደነበረ፣ በዚያም ፊቷ የሴት፣ የቀረው አካሏ የዓሣ የሆነች ደርከቶ የተባለች እንስት አምላክ ትመለክ እንደነበር ጽፏል። የባቢሎን ታልሙድም አምስት ቋሚ የጣዖት ቤቶችን ሲቆጥር አንዱን በአስቀሎና ያደርገዋል። ነገር ግን ሄሮዶቱስ ራሱ ቤተ መቅደሱን ያነሣው በምን ምክንያት እንደሆነ ልብ እንበል። እስኩቴሳውያን ከግብፅ ድንበር ሲመለሱ በከተማዋ አለፉ፤ አብዛኛው ጦር ምንም ሳያጠፋ ተሻገረ፤ ወደ ኋላ የቀሩት ጥቂቶች ግን ቤተ መቅደሱን ዘረፉ። ታሪኩ የመንገደኞች ታሪክ ነው። ቀጥሎም በቆጵሮስ ያለው የአፍሮዲጤ ቤተ መቅደስ ከአስቀሎና እንደተመሠረተ የቆጵሮስ ሰዎች ራሳቸው ይመሰክራሉ ይላል። አምልኮ ባሕር ተሻግሮ ልጅ የሚወልደው መርከበኞች ሲሸከሙት ነው። የአስቀሎና እንስት አምላክ ዝና ያተረፈችው ብዙ ሰው መጥቶ በእርሷ ዘንድ ስለ ቀረ ሳይሆን ብዙ ሰው አይቷት ስለ ሄደ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚጥመኝ ምስክር የእስክንድርያው ፊሎ ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ይህ አይሁዳዊ ፈላስፋ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሊጸልይና መሥዋዕት ሊያቀርብ ሲሄድ በአስቀሎና አለፈ። በየመስቀለኛ መንገዱና በየቤቱ ቁጥር ስፍር የሌለው ርግብ አየ። ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ ርግቦቹን መያዝ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ እንደሆነ ነገሩት፤ ከመላመዳቸው የተነሣ ከሰው ጋር በአንድ ቤትና በአንድ ማዕድ ይኖሩ ነበር። ርግብ የአስቀሎናዋ እንስት አምላክ ወፍ ናት፤ ከተማዋ በሮማውያን ዘመን ባሳተመቻቸው ገንዘቦች ላይም ትታያለች። ፊሎ የአንዱ አምላክ አማኝ ሆኖ፣ ወደ ሌላ ቤተ መቅደስ እየሄደ፣ የሌሎችን አምልኮ በጥያቄና በማስተዋል ተመለከተ፤ አልሰገደም፣ አልሰደበምም። ዛሬ ጉብኝት የሚያቅድ ክርስቲያን፣ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል ከእርሱ የተሻለ አርአያ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ክርክሬን ለማጠናከር ብዬ የምመኘው ነገር ግን የማልጠቀምበት ማስረጃም አለ። በፋርሶች ዘመን፣ በ5ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ.፣ በባሕሩ አጠገብ ከ1,000 በላይ ውሾች ተቀብረው ተገኝተዋል። እያንዳንዱ በገዛ ጉድጓዱ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ ጭራው ወደ እግሮቹ ተጠቅልሎ ነው የተቀበረው። አብዛኞቹ ቡችሎች ናቸው፤ የመታረድ ምልክትም የለባቸውም። ስቴገር ውሾቹ የፊንቄያውያን የፈውስ አምልኮ ክፍል ነበሩ፣ ሕሙማንም ወደዚያ ይመጡ ነበር ብሎ ገመተ። ትክክል ከሆነ አስቀሎና የፈውስ ፍለጋ መንገደኞችም ከተማ ነበረች ማለት ነው። ሌሎች ሊቃውንት ግን ከአጥንቶቹ ጋር መባም ሆነ ጽሕፈት አለመገኘቱን ጠቅሰው ግምቱን አልተቀበሉትም። ውሾቹ በክብር መቀበራቸው ግልጽ ነው፤ ከዚያ የበለጠ መናገር ግን ምኞትን ማስረጃ ማድረግ ነው።

ፍልስጥኤማውያንን በተመለከተ አንባቢው ከእኔ ይልቅ መጽሐፈ መሳፍንትንና መጽሐፈ ሳሙኤልን ያውቃል። ሶምሶን ሠላሳ ሰዎች የገደለው በአስቀሎና ነው፤ ዳዊትም በሳኦልና በዮናታን ሙሾ ውስጥ የከተማዋን አደባባይ አንሥቷል። ከክርክሩ ጋር የሚያያዘው ነገር እነዚህ ባለርስት የሚመስሉ ሰዎች ራሳቸው እንግዶች መሆናቸው ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ ገደማ ከባሕር ማዶ መጡ። በ2019 የታተመ የዘረ መል ጥናት በመጀመሪያው የብረት ዘመን በአስቀሎና በተቀበሩ ሕፃናት ላይ ከደቡብ አውሮፓ ጋር የሚዛመድ ዝርያ አግኝቷል፤ ይህም ዝርያ ጥቂት መቶ ዓመታት ሳይቆይ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ ደብዝዟል። መጥተው የሀገሬው ሰው ሆኑ ማለት ነው። በ604 ቅ.ል.ክ. ናቡከደነፆር ከተማዋን አቃጠለ፤ የቀሩትንም ወደ ባቢሎን ማረከ።

ከክርስትና በኋላ አማልክቱ ቢለወጡም የጉብኝቱ ሥርዓት አልተለወጠም። በ3ኛው መቶ ዘመን ኦሪጌኔስ በአስቀሎና ስላሉት አስደናቂ ጉድጓዶች ሲጽፍ አሠራራቸው ከሌሎች ጉድጓዶች የተለየ መሆኑን፣ ከቀደሙት አባቶች ጋርም እንደሚያያዙ ይጠቅሳል። በ570 ገደማ ከኢጣልያ ከፒያቼንዛ የመጣ ተሳላሚ እንደ ቲያትር የተሠራ፣ በደረጃ እስከ ውኃው የሚወረድበት “የሰላም ጉድጓድ” ማየቱን መዝግቧል። በ14ኛው መቶ ዘመን የመጣው የሞሮኮው ኢብን ባጡታም ከተማዋን ፍርስራሽ ሆና አግኝቶ፣ ሰፊ ደረጃ ያለውን የአብርሃምን ጉድጓድ ግን በዝርዝር ገልጿል። በመካከላቸው 750 ዓመት ያህል አለ፤ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም ነው፤ ሁለቱም አስቀሎና ደርሰው ስለ ውኃ ጽፈዋል። የፒያቼንዛው ሰው ከጉድጓዱ ሌላ በዚያ ያረፉ ሦስት ግብፃውያን ሰማዕታትን ይጠቅሳል። አውሳብዮስ እንደሚነግረን እነዚህ ሰዎች አሬስ፣ ፕሮሞስና ኤልያስ ይባላሉ፤ ከግብፅ ተነሥተው በኪልቅያ የታሰሩ ክርስቲያኖችን ሊረዱ ሲጓዙ በር ጠባቂዎች ያዟቸው። አሬስ በእሳት፣ ሁለቱ በሰይፍ አለፉ። ከተማዋ ስትሳለማቸው የኖረችው ቅዱሳን የአስቀሎና ተወላጆች አልነበሩም፤ በሩ ላይ የተያዙ መንገደኞች ነበሩ።

በክርክሬ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ የጠነከረው የሚመጣው ከእስልምናው ዘመን ነው። በ1091 ገደማ የፋጢማውያን ሹም በድር አል ጀማሊ የነቢዩ መሐመድ የልጅ ልጅ የሑሴን ራስ በአስቀሎና ተገኘ ብሎ ታላቅ መቃም (መካነ መታሰቢያ) አሠራ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ወደ አስቀሎና የሚመጡት አልፈው ሊሄዱ ሳይሆን ለዚሁ ብለው ነበር። ይህን አልክድም፤ በዚህ ዘመን አስቀሎና በእርግጥ መድረሻ ሆናለች። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። በ1153 የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን ከወራት ከበባ በኋላ ሲይዙ የሑሴን ራስ ወደ ካይሮ ተወሰደ፤ ዛሬም በዚያ በስሙ በተሠራው መስጊድ ይከበራል። ለመቃሙ የተሠራው ባለ ጌጥ የእንጨት ሚንበር (የስብከት መድረክ) ወደ ኬብሮን ተሻግሮ እስከ ዛሬ በኢብራሂም መስጊድ ቆሟል። ቅርሱም ዕቃውም ሄደ፤ ሰዎች ግን መምጣታቸውን አልተዉም። የጋዛና የአካባቢው ሕዝብ በየዓመቱ በዓሉን እያከበረ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ደረሰ። መቃሙን በ1950 የእስራኤል ጦር አፈረሰው። ዛሬ ቦታው በባርዚላይ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ በ2000 ገደማ ከሕንድ የመጡ የዳውዲ ቦህራ ሙስሊሞች በላዩ የእብነ በረድ ወለል አንጥፈዋል፤ ምእመኖቻቸውም እየመጡ ይጸልዩበታል። የሑሴን ራስ ከሄደ ከ800 ዓመት በኋላ፣ ሕንፃውም ከፈረሰ በኋላ፣ ከሕንድ ድረስ ሰው የሚያመጣ ቦታ ቅድስናው ከድንጋዩ ሳይሆን ከመጪው ሰው መሆኑን ያሳያል። ተቃውሞው በመጨረሻ ራሱ ለክርክሩ ማስረጃ ይሆናል።

“ምንም ያልቀረባትን ከተማ ማየት ምን ይጠቅማል?” የሚል ይኖራል። ያልቀረበትን ምክንያት ማወቅ ያሻል። በ1191 ሳላሐዲን የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን መልሰው ይዘው ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም መሸጋገሪያ እንዳያደርጓት ፈርቶ እንድትፈርስ አዘዘ። የቅርብ ሰዎቹ እንደጻፉት፣ ከእርሷ አንድ ድንጋይ ከመንቀል ልጆቹን ሁሉ ማጣት ይሻለው እንደነበር ተናግሯል። በዚያው ዘመን በእኛ አገር ላሊበላ ነግሦ ነበር፤ በአንዱ ስፍራ ኢየሩሳሌምን የሚያስታውስ ሲታነጽ በሌላው የኢየሩሳሌም በር ይፈርስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዛዊው ንጉሥ ሪቻርድ መልሶ ሠራት፤ እንደገና ፈረሰች። በመጨረሻም ይኩኖ አምላክ በነገሠበት በ1270 የግብፁ ሱልጣን ባይበርስ ቅጥሯን ደርምሶ ወደቧን በድንጋይ ሞላ። ያጠፏት ሰዎች የጠሏት አይደሉም፤ የመጪውን መንገድ የፈሩ ናቸው። ሰው እንዳይገባባት ካልተደፈነች በቀር የማትሞት ከተማ ነበረች፤ ጠላቶቿም ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከዚህ ሌላ በ1815 እንግሊዛዊቷ እመቤት ሄስተር ስታንሆፕ የተቀበረ ወርቅ ፍለጋ ቆፍራ ራስ የሌለው ታላቅ የእብነ በረድ ሐውልት አገኘች፤ ቅርስ ልትወስድ መጣች እንዳይባልባትም ሐውልቱን አሰበረችው። ያ ሐውልት ሳስበው ዛሬም ያሳዝነኛል።

የሚታይ ነገር እንዳለ ለሚጠራጠር ግን ከባሕሩ በኩል ያለው ቅጥር ይበቃል። በመካከለኛው ዘመን ግንበኞች ከሮማውያን ሕንፃዎች የነቀሏቸውን የግራናይትና የእብነ በረድ ዓምዶች እንደ ማሰሪያ በቅጥሩ ውስጥ አጋድመው ገንብተዋቸዋል፤ ጫፎቻቸው ዛሬም ከግድግዳው ወጥተው ከባሕር ዳርቻው ይታያሉ። በባጋን ቤተ መቅደሱ ከነግርማው ቆሟል፤ በአስቀሎና አንዱ ዘመን የሌላውን ዘመን ዓምድ ተሸክሞ ቆሟል። በባዚሊካውም፣ ወደ 100 ሜትር ርዝመት ባለው የሮማውያን አዳራሽ፣ የድል እንስት አምላክ ኒቄ በአትላስ ትከሻ ባለች ሉል ላይ ቆማ፣ የግብፅም የግሪክም መልክ ያላት ኢሲስ ቲኬ ከነዘውዷ ተቀርጻ ይታያሉ። አስቀሎና የራሷን መልክ እንኳ ከመጡባት ሰዎች እየተበደረች ትቀርጽ ነበር።

እንግዲህ ዕቅዱ ይህን ይከተል። ጎብኚው ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ሲገባ በመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ወዳለው ነገር ሳይሮጥ ወደ ሰሜን ሄዶ ከከነዓናውያን በር ይጀምር፤ ጥጃው የተገኘበትን ተዳፋት አይቶ እንደ ነጋዴ በቅስቱ ሥር ይግባ። ድልድሉን ይዞ ወደ ባሕሩ ይውረድ፤ ዓምዶቹን ከታች፣ ከአሸዋው ይመልከት። ባዚሊካውን ከዚያ በኋላ ያድርገው፤ የማርያም ቪሪዲስ ቤተ ክርስቲያንንና የኢየሩሳሌምን በር በመጨረሻ፣ በመንገዱ ላይ ያሉ ጉድጓዶችን ግን አንድም ሳይዘል። ከፓርኩ ወጥቶም ታሪኩ አላለቀም። የዛሬዋ አሽቀሎን ያደገችው በሸማኔዎቿ በምትታወቀው በአል መጅደል የአረብ ከተማ ላይ ነው፤ ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ የቀሩት ነዋሪዎቿ በ1950 ወደ ጋዛ ተላኩ። ይህን የማያውቅ ጎብኚ የከተማዋን ግማሽ አላወቀም። ከ1984ቱና ከ1991ዱ ዘመቻዎች ወዲህ ከጎንደርና ከሌሎች ቦታዎች የመጡ ቤተ እስራኤልም በአሽቀሎን ሰፍረዋል፤ በኦሪታቸው አስቀሎና እያሉ ያነበቧት ከተማ ሰፈራቸው ሆናለች። ከፍልስጥኤማውያን እስከ እነርሱ የከተማዋ ነዋሪ የመጣው ከሩቅ ነው።

ከጋዛ ሰርጥ ወሰን የሚለያት ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው። በበጋ ጥላ የሌለበት ድልድል ስለሚያቃጥል ማለዳ መጀመር ይሻላል። ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው በአፍሪዳር ያሉትን የሮማውያን የሬሣ ሣጥኖች መተው ይቻላል፤ ሥራቸው ውብ ቢሆንም ከዚህ ክርክር ጋር እምብዛም አይያያዙም። የሆስፒታሉን ግቢ እብነ በረድ ግን መተው አይገባም፤ የሕሙማንና የሚጸልዩ ሰዎች ስፍራ ስለሆነ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት ተቆጥቦ ማየት ይበቃል። የብሩ ጥጃ ያለው በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቀን፣ እንደ ፊሎ መንገድ፣ የኢየሩሳሌም ይሁን።